ጉልባን እምቢ ያለበት ድስት

ቦኖው የተከፈተ ዕለት መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በሌላ ሰው ላይ የምቆጣውን ያህል በራሴም ላይ እንደምቆጣ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቦታው ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈራችን። ከዚያ በፊት ውሃ የምንቀዳው ከሾላው ሥር ካለው ምንጭ ነበር። ውሃው መልካም ነው፤ መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው። እንስራ አዝሎ ለሚወጣ ሰው ጉልበት ይቆርጣል፤ ክረምት ላይማ ያዳልጣል፤ እኔ ራሴ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። እናም ውሃ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል ስንባል ማን ይጠላል? የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና መጥቶ ሳምንት ሙሉ ሲያጓራ ከረመ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጭቃ ነጭ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እያደረቁ ግድግዳ ላይ ሲጽፉበት ዋሉ። ነገሩ ያን ጊዜ ሊገባን ይገባ ነበር። ግን ማን ልብ አለው? የቀበሌው ሊቀመንበር ቧንቧውን ሲከፍተው ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ፤ እኛም እልል አልን።

በሁለተኛው ሳምንት ሳሙናው አኮረፈ። ሳሙና ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው የሚሰጠው። በምንጭ ውሃ ሲያሹት አረፋው ክንድ ድረስ የሚወጣው ሳሙና፣ በቦኖው ውሃ እንደ ተበጣጠሰ እርጎ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ነጠላችን የአመድ መልክ ያዘ። ጠጉሬን ታጥቤ ሲደርቅ ማበጠሪያ አያስገባም። አሮጊቶቹ ሳሙናቸውን ለልጆቻቸው ትተው ወደ ጥንቱ እንዶድ ተመለሱ፤ እንዶድ ውሃ አይመርጥም። የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት አወጣ፤ ሻዩም ሲቀርብ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይዞ ይመጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥራጥሬው ነው። ባቄላ በሉት ሽምብራ፣ ቀን ሙሉ ቢፈላ እንደ ጠጠር ነው። አንድ ሸክም እንጨት የሚበቃው ሦስት ሸክም ይፈጃል። እንጨቱን ከየት እንደምናመጣው ሊቀመንበሩ ጠይቆን አያውቅም።

ለምን ወደ ምንጩ አልተመለሳችሁም ትሉኝ ይሆናል። ምንጩ ተዘግቶ ነበር። ቦኖው በተከፈተ በወሩ በቆርቆሮ ታጠረ፤ በር ተበጀለት፤ ትልቅ ቁልፍ ተንጠለጠለበት። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ይህ ውሃ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ስለሆነ ተስቦ ያመጣል፤ መቅዳት ክልክል ነው» ይላል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ያለ ሰው እርዳታ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ማስታወቂያ ነው። አንብቤም አመንኩ። በቀለም የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ ድስቴ ተሰነጠቀና ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አዲስ ገዛሁ። የሸጠችልኝ ከወንዝ ማዶ የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ናት። «ናት» ያልኩት ያን ጊዜ እንዲህ እላት ስለነበረ ነው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ እኔ ግን «አንቺ» ነበር የምላቸው። ሁሉም «አንቺ» ይላቸዋል፤ ሸክላ ሠሪ ሰው አይመስለንም ነበር። በሠሩት ድስት እንበላለን፣ እሳቸውን ግን ቡዳ እንላለን። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው የምሆነውን እኔን «እሜቴ» ይሉኛል። ዛሬ ልጽፈው ስቀመጥ እንኳ ያሳፍረኛል፤ ከዚህ ወዲያ እንደሚገባቸው አድርጌ እጠራቸዋለሁ።

ድስቱን ጠቅልለው ሲሰጡኝ «በደስታ ይብሉበት እሜቴ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ። ባቄላውን ከክቼ፣ ስንዴውን ፈትጌ፣ ዘፍዝፌ አሳደርኩና ጎህ ሲቀድ በአዲሱ ድስት ጣድኩት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዘመድ ጎረቤቱ፣ የነፍስ አባታችን ጭምር፣ እኛ ቤት ናቸው። ሰዎቹ ተመለሱ፤ ጉልባኑ አልበሰለም። ጠበቁ፤ አልበሰለም። አማቴ ሄደው ድስቱን ከፈቱና አንዷን ባቄላ አፋቸው ውስጥ ጣሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እሳት አላነደድሽም እንዴ?»

«ሁለት ሸክም እንጨት ጨረስኩ እኮ እማማ!»

«ታዲያ ይኼ ባቄላ ነው ጠጠር? አባ የቀሯቸው ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ እነሱንም ልትጨርሺላቸው ነው?»

አባ ከውስጥ ሆነው «ተዪያት፣ የጾም ቀን ነው፤ ሳይበሉ መዋልም ጽድቅ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ ድስቱን ዘንበል አድርገው ዙሪያውን አዩት፤ ከአፉ ዝቅ ብሎ ነጭ ቀለበት ይዟል።

«ከማን ነው የገዛሽው?»

«ከወንዝ ማዶዋ።»

«ስትሸጥልሽ ምን አለችሽ?»

«ምንም። በደስታ ይብሉበት ነው ያለችኝ።»

«እሱ ነዋ! ዓይኗን ጥላበት ነዋ!» አሉ አማቴ።

ምርቃቱ ማስረጃ ሆነ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ጥፋቱ ከኔ ላይ ወረደልኛ።

በማግስቱ ስግደት ነው። ቅዳሜ ለበዓል ውሃ ልንቀዳ ቦኖው ላይ ተሰለፍን። ወረፋው ቁጥር ስፍር የለውም። ከኋላዬ ያለችው ጎረቤቴ «ጉልባንሽ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ያቺ የወንዝ ማዶዋ ቡዳ በላችብኝ እንጂ! ድስቱ ላይ ዓይኗን ጥላ ሰደደችኝ፤ እንደ ጠጠር ቀረ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

«የኔም አልበሰለም!» አለች አንዷ።

«የኔም! ድስቱን የገዛሁትኮ ከሷ ነው!»

«እኔ ከእህቷ ነው የገዛሁት፤ የኔም እምቢ አለ!»

እኔ ነኝ ያለች ሁሉ ምስክር ሆነች። ውሃው ከፊታችን እየፈሰሰ፣ ባልዲያችንን እየሞላ፣ እኛ ሰው እናማለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በዋለው ገበያ ሰው የሸክላ ሠሪዋን ድስት በእግሩ እየገለበጠ ያልፋል። አንዱ ሰካራም የተደረደረውን በካልቾ ብሎ አራቱን ሰበረ፤ የተቆጣው የለም። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ተሰብስበው ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዱ። ሊቀመንበሩ የተማረ ነኝ ባይ ነው። «ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ይህ የፊውዳል አስተሳሰብ ነው» ብሎ ገሠጻቸው። ገሥጾ ሲያበቃ ምን አደረገ? ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ የሚለው፣ የሴትዮዋ የሸክላ ዕቃ የጥራት ጉድለት ስላለበት በገበያው እንዳትሸጥ ታግዳለች ነው። ቡዳ የሚለውን ቃል አውጥቶ ጥራት የሚል ቃል አስገባበት፤ ሰውም ደስ ብሎት ተበተነ።

የታገዱ ዕለት ድስታቸውን በአህያ ጭነው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ መሬት የላቸው፣ በሬ የላቸው። ያን ገበያ ካጡ የሚቀራቸው ሰፈር ለቀው በእግር ሌላ ገበያ መፈለግ ነው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አፍሬ አይደለም። ዓይናቸውን ፈርቼ ነው።

በዚያ ሰሞን የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ማጽዳት በሴቶች ማኅበር ተራ ነበር፤ ተራዬ ደርሶ ሄድኩ። የሊቀመንበሩ ክፍል መስኮት ላይ ሁለት የብረት ማንቆርቆሪያዎች አሉ። አንዱ አዲስ ነው፤ ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። ሁለተኛው ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተሞልቶ አፉ ሊደፈን ደርሷል። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። ድስቴ ላይ ያለው ነው፤ ያው ራሱ።

የጥበቃው ሰው በር ላይ ጠመንጃውን ደገፍ ብሎ ቆሟል።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«በቦኖ ውሃ ሲፈላበት ኖሮ ነው። ኖራ ይዞ ተበላሸ።»

«ይኼኛውስ?»

«ይኼማ የምንጭ ውሃ ነው የሚፈላበት። ጓድ ሊቀመንበር የቦኖው ሻይ አይዋጥላቸውም፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ ከምንጩ የምቀዳላቸው።»

«ምንጩ ተስቦ ያመጣል አልተባለም?»

«ለሕዝብ ነዋ!» አለና ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ እንዲያው ነገሩ ያስቀው ነበር።

እኔን አላሳቀኝም። ማንቆርቆሪያው ከፋብሪካ የወጣ ብረት ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው አልነኩትም፣ በዓይናቸው አላዩት። ይህ ሰው ግን ያውቅ ነበር! ውሃው ኖራ እንዳለበት እያወቀ፣ ለራሱ ሻይ ምንጩን እያስቀዳ፣ የአሮጊቷን ድስት ጥራት የለውም ብሎ በማኅተም አገደ። እኔስ? እኔ ቤት ማንቆርቆሪያ የለም? ያ ነጭ ነገር ብረቱ ውስጥም እንዳለ አላየሁም? አይቻለሁ። ልብ ማለት ስላልፈለግኩ ነው እንዳላየ የሆንኩት።

የጥበቃውን ሰው ለምኜ አንድ ጀሪካን የምንጭ ውሃ አስቀዳሁት። በማግስቱ በዚያው ድስት፣ ከዚያው ከረጢት የወጣ ባቄላ ጣድኩ። ፀሐይ ሳትበረታ ፈረሰ፤ በጣት ሲይዙት እንደ ቅቤ ይሟሟል። ለአማቴ አቀረብኩላቸው።

«እንዴት ነው እማማ?»

አኘኩ። ሁለተኛ ጨለፉ። በመጨረሻ «ዓይኗን አንስታለት ይሆናል» አሉ።

ተቆጥቼ እንዳልሳደብ ከቤት ወጣሁ።

እሑድ ስብሰባ ነበር፤ ስብሰባ መቅረት አይቻልም፣ ስም ይጠራል። ለጽዳት ስሄድ ከቢሮው ያነሣሁትን አሮጌ ማንቆርቆሪያ በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩና እጄን አወጣሁ። ተነሥቼ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ቅርፊቱ ረገፈ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ከእርስዎ ቢሮ የመጣ ነው። ይህንንም ሸክላ ሠሪዋ ናቸው የሠሩት?»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጓዲት፣ አብዮቱ ያመጣውን ውሃ ነው የምታጣጥይው?»

«ውሃው ውስጥ አብዮት አላየሁም፤ ያየሁት ኖራ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው አምልጦት ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ምንጩን ይክፈቱልን፤ የሴትዮዋንም እገዳ ያንሱላቸው። እርስዎ የማይጠጡትን ውሃ እኛን ለምን ያጠጡናል?»

«ጥያቄሽ ይጣራል» አለ። ያን ያህል ሕዝብ እያየኝ አንድ ሰው «እውነቷን ነው» አላለም። ወረፋ ላይ «የኔም፣ የኔም» ሲሉ የነበሩት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። በማግስቱ ቀበሌ ጠርተው ቀኑን ሙሉ አስረው አዋሉኝና፣ ሁለተኛ የቢሮ ዕቃ እንዳልነካ አስፈርመው ለቀቁኝ። ምንጩ የተከፈተው ያ ሊቀመንበር ተነሥቶ ሌላ ከተሾመ በኋላ ነው። የገበያው እገዳ ግን ሰባት ቀን ሳይሞላው ያለ ወሬ ተነሣ። ሊቀመንበሩ የማንቆርቆሪያውን ነገር ሰው እንዲረሳለት ፈልጎ ይመስለኛል።

እገዳው ቢነሣ ማን ገዛ? ሸክላ ሠሪዋ ሁለት ቅዳሜ ወጥተው አንድ ድስት ሳይሸጡ ተመለሱ። ወረቀት ያገደውን ወረቀት ፈታው፤ የኔ አፍ ያሰረውን ግን የፈታው የለም። እናም ወንዙን ተሻግሬ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ጭቃ በእግራቸው ይረግጣሉ።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

እግራቸውን አላቆሙም። «ዛሬ እማማ ሆንኩ?»

«አጥፍቻለሁ። እገዳው እንዲነሣ ግን በስብሰባ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«እንዲጣልብኝስ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔው ነኝ፤ ቡዳ ብዬ።»

«የት ነበር ያልሽው?»

«ቦኖው ላይ፤ ወረፋ ላይ።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ስትሰድቢኝ የአገር ሴት ሁሉ ሰምቶሽ፣ ይቅርታሽን እኔና አህያዬ ብቻ እንስማልሽ? ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ ተናገርሽ አሉኝ። ስለ ውሃው ነው ስለኔ? ሂጂ። ቃልሽን ያልሽበት ቦታ መልሺው።»

«ድስት እንኳ ልግዛዎት…»

«ላንቺ የሚሸጥ ድስት የለኝም።»

«አንቺ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

በማግስቱ ወረፋው ሲበዛ ጠብቄ ሄድኩ። እንስራዬን አስቀምጬ፣ ከጎኔም ከፊቴም ያለው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ስሙኝ! ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባኔ ያልበሰለው በዚህ ውሃ ምክንያት ነው። የወንዝ ማዶዋን እመቤት ቡዳ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም እዚሁ ቆሜ ነው። ዋሽቻለሁ። የእናንተም ባቄላ ያልበሰለው በዚሁ ውሃ ነው።»

ምን ያሉኝ ይመስላችኋል?

«ውይ! በላቻት!» አለች ፊት ያለችው።

«አታይዋትም ስትለፈልፍ! ትናንት ወንዝ ተሻግራ ቤቷ ስትገባ ታይታለች አሉ።»

«ጤና አዳም ያላችሁ አምጡ! አማቷን ጥሩ!»

ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል ይባላል በኛ አገር። እውነት ብናገር በሽታ ሆነብኝ። ሁለቱ ክንዴን ያዙኝ፤ አንዷ ሮጣ ያመጣችውን ጤና አዳም አፍንጫዬ ላይ ታሻለች፤ አማቴ ጸበል በጠርሙስ ይዘው እየተጣደፉ ደረሱ። «ስምሽን ተናገሪ! ማን ነሽ?» ይሉኛል፤ ውስጤ የገባችው እንድትናገር ነው።

«ምራትዎ ነኝ እማማ! ጸበሉን ፊቴ ላይ አይርጩብኝ፤ ውሃው ኖራ ነው እያልኩ ነው!»

«አያችሁ፣ አልወጣ አለች» አሉ አማቴ።

ተበሳጭቼ አለቀስኩ፤ እሱንም የሷ ልቅሶ ነው አሉት። ግን በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ያንኑ ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀንም ሄድኩ፤ ያን ቀን የሚይዘኝ አልነበረም፤ ጀርባቸውን ብቻ ሰጡኝ። ስጨርስ ከወረፋው መጨረሻ አንዲት ጠላ ሻጭ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም ብያለሁ፤ እኔም ዋሽቻለሁ» አለች። ከዚያ ሁሉ ሴት አንዲት። የቀሩት እንስራቸውን ሞልተው ሄዱ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሸክላ ሠሪዋ ድስታቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ሰው የለም። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«መለስሽው አሉኝ» አሉ።

«መለስኩ እማማ። ግን አላመኑኝም። ቡዳ በላት ብለው ጤና አዳም አሸተቱኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ሳቁ ግን ቶሎ አለፈ። «አየሽ፣ እኔ ይኼን ስኖርበት ኖሬያለሁ። አንቺ ሦስት ቀን ቀመስሽው።»

ከድርድሩ መሐል አንዱን አንሥተው በጣታቸው አንኳኩት፤ ድምፁን አዳምጠው አስቀመጡት። ሌላ አነሡ፤ አንኳኩ። ሦስተኛውን ሰጡኝ። ዋጋውን ነገሩኝ፤ እኔም ሳልከራከር ከፈልኩ።

ከሳቸው የሚገዛ ሰው ካለ በነጠላው ሸፍኖ በጓሮ መንገድ ነበር የሚሄደው። እኔ ድስቱን ሳልሸፍን በእጄ ከፍ አድርጌ፣ በገበያው መሐል፣ በእህል ተራና በጨው ተራ በኩል አለፍኩ። ከቦኖው የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ነበሩ። መንገድ ለቀቁልኝ፤ ልጆቻቸውንም ወደ ጉያቸው ሳቡ። አክብረውኝ አልነበረም።